አየሩ ነፃ፣ ጋዙ የራሳችን፤ ታዲያ ማዳበሪያ መሥራት ለምን ይከብዳል?

ነሐሴ 22 ቀን 2017 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ኢንቨስትመንት ሆልዲንግስ ከናይጄሪያው ዳንጎቴ ግሩፕ ጋር ተፈራረመ። ስምምነቱ በሶማሌ ክልል ጎዴ ላይ የዩሪያ ማዳበሪያ ፋብሪካ ለመገንባት ነው። ወጪው 2.5 ቢሊዮን ዶላር፣ አቅሙ በዓመት 3 ሚሊዮን ቶን እንደሚሆን ተነገረ። ድርሻው 60 በመቶ የዳንጎቴ፣ 40 በመቶ የኢትዮጵያ ነው። መስከረም 22 ቀን 2018 ዓ.ም. የመሠረት ድንጋዩ ተቀመጠ። በዚያው ቀን የካሉብ የተፈጥሮ ጋዝ ፕሮጀክት የመጀመሪያ ምዕራፍ ተመረቀ።

ከዚያ ወዲህ ሁለት ዓይነት ንግግር ይሰማል። አንዱ እንዲህ ይላል፦ የማዳበሪያው ናይትሮጅን ከአየር ይመጣል፤ አየር ደግሞ አይሸጥም። ጋዙ ከራሳችን መሬት ይወጣል። ስለዚህ ማዳበሪያ መርከሱ አይቀርም። ሌላው ይጠራጠራል፦ ጥሬ ዕቃው ይህን ያህል ቅርብ ከሆነ ያ ሁሉ ዶላር ለምን አስፈለገ?

ሁለቱም መሀል ላይ ያለውን ኬሚስትሪ ዘለውታል። ከአየሩና ከጋዙ ተነስቶ ማዳበሪያው ጆንያ ውስጥ እስኪገባ ድረስ አምስት ዋና ዋና ኬሚካዊ ለውጦች አሉ። አምስቱም ወደፊት ብቻ ሳይሆን ወደኋላም ይሄዳሉ። የፋብሪካው ግዝፈት፣ ወጪውና የጋዝ ፍጆታው በአብዛኛው የሚመነጩት ከዚህ ነው። ይህን ለመረዳት የሚያስፈልገው ዕውቀት 11ኛ ክፍል ኬሚስትሪ ውስጥ አለ፤ ኢኩሊብሪየም የሚባለው ምዕራፍ ነው። ብዙ ተማሪዎች ምዕራፉን ለፈተና ሸምድደው ያልፉታል። ያሳዝናል፤ ወደ አርሶ አደሩ ማሳ ይህን ያህል የሚቀርብ የኬሚስትሪ ምዕራፍ ብዙ የለም።

ሄዶ የሚመለስ ለውጥ

እንጨት ሲነድ አመድና ጭስ ይሆናል። አመዱና ጭሱ ተመልሰው እንጨት አይሆኑም። ብዙዎቻችን ኬሚካዊ ለውጥን የምናስበው በዚህ መልክ ነው፤ ተጀመረ፣ አለቀ።

ብዙ ሪአክሽኖች ግን እንዲህ አይደሉም። ናይትሮጅንና ሃይድሮጅን ጠንካራ በሆነ ዝግ ዕቃ ውስጥ ይግቡ፤ ሙቀትና ካታሊስት (ሪአክሽን የሚያፈጥን ነገር) ይኑራቸው። ተገናኝተው አሞኒያ የሚባለውን ጋዝ ይሠራሉ፤ ዩሪያ የሚሠራው ከእሱ ነው። አሞኒያው መጠራቀም ሲጀምር ደግሞ ከፊሉ ፈርሶ ወደ ናይትሮጅንና ሃይድሮጅን ይመለሳል። መጀመሪያ ላይ ወደፊት የሚሄደው ለውጥ ይፈጥናል፤ ጥሬ ዕቃው ብዙ ነውና። ጥሬ ዕቃው እየቀነሰ፣ አሞኒያው እየበዛ ሲመጣ ወደፊት የሚሄደው ይዘገያል፤ የሚመለሰው ይፈጥናል። የሆነ ደረጃ ላይ ሁለቱ ፍጥነቶች እኩል ይሆናሉ። በየሰከንዱ የሚሠራውና የሚፈርሰው አሞኒያ ልክ ለልክ ይሆናል። ኬሚካዊ ሚዛን ወይም ኢኩሊብሪየም የሚባለው ይህ ነው። በሁለት አቅጣጫ የሚያመለክተው ቀስትም የሚናገረው ይህንኑ ነው፦

1 ናይትሮጅን + 3 ሃይድሮጅን ⇌ 2 አሞኒያ

እዚህ ላይ ተማሪ ሁሉ የሚሰናከልባቸው ሁለት ነገሮች አሉ። አንደኛው፣ ሚዛን ላይ ሲደረስ ሪአክሽኑ ቆመ ብሎ ማሰብ ነው። አልቆመም። ከውጭ ስናየው ምንም የሚለወጥ ነገር ስለሌለ ነው የቆመ የሚመስለን። ይህ ግምት ብቻ አይደለም፤ በሙከራ ይታያል። ዲዩቴሪየም የሚባል ከበድ ያለ የሃይድሮጅን ዓይነት አለ። ሚዛን ላይ ባለ ድብልቅ ውስጥ የነበረውን ተራ ሃይድሮጅን በእሱ ብንተካው፣ ጥቂት ቆይቶ ዲዩቴሪየሙ አሞኒያው ውስጥ ገብቶ ይገኛል። ሞለኪውሎቹ መፍረስና መሠራታቸውን ባይቀጥሉ ኖሮ መግቢያ አያገኝም ነበር።

ሁለተኛው፣ እኩል የሚሆነው መጠኑ ነው ብሎ መያዝ ነው። እኩል የሚሆነው ፍጥነቱ ነው። መጠኑ 1 በመቶ አሞኒያና 99 በመቶ ጥሬ ዕቃ ሊሆን ይችላል፤ ተገላቢጦሹም ይቻላል።

ዕቃው ዝግ መሆኑም ወሳኝ ነው። ኖራ ሲቃጠል የኖራ ድንጋይ ወደ ካልሲየም ኦክሳይድና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይከፈላል። ይህም ተመላሽ ሪአክሽን ነው። ግን ምድጃው ክፍት ስለሆነ ጋዙ ይወጣል። የሚመለስበት ነገር ስለማያገኝ ለውጡ እስከ መጨረሻው ይሄዳል። ምርቱን እያወጡ ሪአክሽኑን ወደፊት መግፋት የሚባለው ብልሃት ይህ ነው። የማዳበሪያው ፋብሪካም የሚኖረው በእሱ ነው።

ሐሳቡ የተወለደው እዚሁ አህጉራችን ላይ መሆኑን ብዙ መጻሕፍት አይነግሩንም። ፈረንሳዊው ክሎድ ሉዊ በርቶሌ እ.ኤ.አ. በ1798 ከናፖሊዮን ጦር ጋር ግብፅ ገብቶ ነበር። በዚያ ባሉት የናትሮን ሐይቆች ዳር ዳር ሶዳ ተቆልሎ አየ። በቤተ ሙከራ የሚያውቀው የዚህን ተቃራኒ ነው፤ ሶዳና ካልሲየም ክሎራይድ ሲገናኙ የኖራ ድንጋይና ጨው ይሰጣሉ። ሐይቆቹ ዘንድ ግን ጨው እጅግ ስለበዛ ለውጡ ወደኋላ ዞሮ ነበር። በርቶሌ ከዚህ ተነስቶ፣ የሪአክሽን አቅጣጫ የሚወሰነው በነገሮቹ ባሕርይ ብቻ ሳይሆን በመጠናቸውም ነው አለ። በዘመኑ ይህ ደፋር ንግግር ነበር።

ኬ የሚባለው ቁጥር

ሐሳቡን ወደ ሒሳብ የለወጡት ሁለት ኖርዌያውያን ናቸው፤ ካቶ ጉልድበርግና ፒተር ቮጌ፣ እ.ኤ.አ. በ1864። በአሞኒያው ምሳሌ ብናየው እንዲህ ነው። ክምችት ስንል በአንድ ሊትር ውስጥ ያለውን የሞል (የሞለኪውል መቁጠሪያ መለኪያ) ብዛት ማለታችን ነው። የአሞኒያውን ክምችት በራሱ እናባዛና ከላይ እናስቀምጠው። ከታች የናይትሮጅኑን ክምችት በሃይድሮጅኑ ክምችት ሦስት ጊዜ እናባዛ። ላዩን ለታቹ ስናካፍል የምናገኘው ቁጥር፣ ሙቀቱ እስካልተለወጠ ድረስ፣ ሚዛን ላይ ምንጊዜም አንድ ነው። ይህ ቁጥር ኬ ይባላል።

ሚዛን ላይ ያልደረሰ ድብልቅ ላይ ያንኑ ስሌት ብንሠራ የሚወጣው ቁጥር ኪው ይባላል። ኪው ከኬ ካነሰ ለውጡ ወደፊት ይሄዳል። ከበለጠ ወደኋላ ይመለሳል። ሥራው በሙሉ ይኸው ነው።

አሁን ዕቃውን ጨምቀን ይዘቱን፣ ማለትም ጋዙ የሚይዘውን ቦታ፣ በግማሽ እናሳንሰው። የሁሉም ክምችት እጥፍ ይሆናል። ከላይ ያለው ሁለት ጊዜ ሁለት፣ አራት እጥፍ ሆነ። ከታች ያለው ሁለት ጊዜ ስምንት፣ አሥራ ስድስት እጥፍ ሆነ። ስለዚህ ኪው የኬ አንድ አራተኛ ላይ ወረደ ማለት ነው። ድብልቁ ወደፊት ሄዶ አሞኒያ መጨመር አለበት። ግፊት ለአሞኒያ የሚጠቅመው በዚህ ምክንያት ነው፤ አራት ሞለኪውል ገብቶ ሁለት ስለሚወጣ።

ተማሪዎች ይህን በአብዛኛው የሚያውቁት በሌ ሻተልዬ ሕግ ነው። ሕጉ እ.ኤ.አ. በ1884 የወጣ ሲሆን፣ ሚዛን ላይ ያለ ነገር ሲነካ ንክኪውን ወደሚያቃልልበት አቅጣጫ ይሄዳል ይላል። በማስተማሩ ላይ ግን መምህራን አይስማሙም። አንዳንዶች ሕጉ ለመያዝ ቀላል ነው፣ ተማሪውን ቶሎ መልስ ላይ ያደርሰዋል ይላሉ። ሌሎች ደግሞ ድብልቁን ፍላጎት ያለው ፍጡር ያስመስለዋል፣ ያሳስታልም ይላሉ። ለዚህ ጥሩ ማስረጃ አላቸው። ይዘቱ በማይለወጥ ዕቃ ውስጥ አርጎን ጋዝ እንጨምር። አጠቃላይ ግፊቱ ይጨምራል። ሕጉን በሸመደደ ተማሪ ግምት አሞኒያው መጨመር ነበረበት። ግን ምንም አይለወጥም፤ የሦስቱም ክምችት እንደነበረ ነውና። እንደ እኔ ሕጉን ማስተማር ጥሩ ነው፤ ግን ተማሪው መልሱን በኪውና በኬ ማረጋገጥ ይልመድ።

ሙቀት ሲጨምር ምርት ይቀንሳል

የግፊቱ ነገር ቀላል ነበር። ጣጣው ያለው ሙቀቱ ላይ ነው።

አሞኒያ ሲሠራ ሙቀት ይወጣል፤ በአንድ ሞል ናይትሮጅን 92 ኪሎጁል ያህል። እንዲህ ያለ ሪአክሽን ሲሞቅ የኬ ዋጋ ይወርዳል። በ200 አትሞስፌር ግፊት የሚገኘውን እንይ። በ300 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሚዛን ላይ 63 በመቶ ያህል አሞኒያ ይኖራል። በ400 ዲግሪ ወደ 36 በመቶ ይወርዳል። በ500 ዲግሪ 18 በመቶ ብቻ ይቀራል። ግፊቱን ወደ 1 አትሞስፌር ብናወርደውና በ400 ዲግሪ ብንሠራ ግማሽ በመቶ እንኳ አይሞላም።

ታዲያ ለምን በቀዝቃዛው አይሠራም? በ25 ዲግሪ ሚዛኑ እጅግ ወደ አሞኒያ ያደላል። ነገር ግን ናይትሮጅንና ሃይድሮጅንን በክፍል ሙቀት ቀላቅሎ ዓመታት ቢጠብቁ ምንም አይገኝም። የናይትሮጅን ሁለት አቶሞች በሦስት ቦንድ የተያያዙ ናቸው። አንድ ሞሉን ለመበጠስ 945 ኪሎጁል ያህል ያስፈልጋል። በዙሪያችን ካለው አየር 78 በመቶው ናይትሮጅን ሆኖ ሳለ እህል ናይትሮጅን የሚራበውም በዚህ ምክንያት ነው።

ኢኩሊብሪየም የሚመልሰው ጥያቄ "እስከ የት ይሄዳል?" የሚለውን ነው። የሪአክሽን ፍጥነት ደግሞ "መቼ ይደርሳል?" የሚለውን ይመልሳል። ጥያቄዎቹ የተለያዩ ናቸው። ቀዝቃዛው ብዙ ይሰጣል፤ ግን አይደርስም። ሙቁ ቶሎ ይደርሳል፤ የሚሰጠው ግን ጥቂት ነው። የማዳበሪያ ፋብሪካ ወጪ የሚፈሰው በእነዚህ ሁለት መልሶች መካከል ባለው ክፍተት ላይ ነው።

ሃበር፣ ቦሽና ብረቱ

ሌ ሻተልዬ ራሱ እ.ኤ.አ. በ1901 አሞኒያ ለመሥራት ሞክሮ ነበር። መሣሪያው ፈነዳና ተወው። የተሳካለት ጀርመናዊው ፍሪትዝ ሃበር ነው። እ.ኤ.አ. በሐምሌ ወር 1909 ካርልስሩህ ከተማ ውስጥ ቢኤኤስኤፍ ለሚባለው የጀርመን ኬሚካል ኩባንያ ሰዎች ፈሳሽ አሞኒያ በጠብታ ሲወርድ አሳየ። ካታሊስቱ ኦስሚየም ነበር፤ በዓለም ላይ እጅግ ጥቂት የሚገኝ ብረታ ብረት። ለፋብሪካ የሚሆን አልነበረም። አልዊን ሚታሽ የሚባል ባለሙያ 2,500 ያህል ዓይነት ካታሊስት ፈትኖ ጥቂት አሉሚኒየም ኦክሳይድና ፖታሲየም የተጨመረበት ተራ ብረት እንደሚሠራ አገኘ። ዛሬም ድረስ አብዛኛው ፋብሪካ የሚጠቀመው በዚያ ዓይነት ካታሊስት ነው።

የኩባንያው መሐንዲስ ካርል ቦሽ ደግሞ ዕቃውን መሥራት ነበረበት። በዚያ ግፊትና ሙቀት ሃይድሮጅን ብረት ውስጥ ሠርጎ ይገባል፤ የብረቱን ካርቦን ይበላና ያሰነጥቀዋል። የመጀመሪያዎቹ ዕቃዎች ፈነዱ። ቦሽ ከውስጥ ለስላሳ ብረት አለበሳቸው፤ የውጪውን ጠንካራ ብረት ደግሞ ሠርጎ የገባው ጋዝ እንዲወጣ በትንንሽ ቀዳዳ በሳው። ጀርመን ውስጥ ኦፓው ላይ የተሠራው ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ1913 ሥራ ጀመረ። ሃበር የ1918ን፣ ቦሽ የ1931ን የኖቤል ሽልማት አገኙ። ይህ ታሪክ ጨለማ ጎንም አለው። ያው አሞኒያ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ለፈንጂ ማምረቻ ውሏል። ሃበርም ራሱ እ.ኤ.አ. በ1915 ቤልጂየም ውስጥ ኢፕር ላይ የክሎሪን ጋዝ ጥቃት መርቷል።

ስለ ካታሊስት አንድ ነገር ግልጽ መሆን አለበት። ካታሊስት ኬን አይለውጥም። ወደፊት የሚሄደውንም የሚመለሰውንም እኩል ያፈጥናል። ሚዛን ላይ ቶሎ ያደርሳል እንጂ ሚዛኑን ራሱን አያንቀሳቅስም። "ካታሊስት ምርት ይጨምራል" የሚለው የፈተና መልስ ስህተት የሚሆነው በዚህ ነው። በተዘዋዋሪ ግን ይጠቅማል። ካታሊስት ባይኖር ሙቀቱ እጅግ ከፍ ማለት ነበረበት፤ ያን ጊዜ ምርቱ እዚህ ግባ የማይባል ይሆናል። ካታሊስቱ ሙቀቱን ከ400 እስከ 500 ዲግሪ ድረስ ለማውረድ አስችሏል።

ይህም ሆኖ ጋዙ አንድ ጊዜ ሲያልፍ ወደ አሞኒያ የሚለወጠው 15 በመቶ ያህል ብቻ ነው። ብልሃቱ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። ድብልቁ ይቀዘቅዛል። አሞኒያ በተራ ግፊት የሚፈላው በ33 ዲግሪ ከዜሮ በታች ነው፤ በከፍተኛ ግፊት ደግሞ ፈሳሽ ለመሆን ይበልጥ ይቀለዋል። ናይትሮጅን በ196፣ ሃይድሮጅን በ253 ከዜሮ በታች ስለሚፈሉ ጋዝ ሆነው ይቀራሉ። አሞኒያው በታች ይቀዳል። የቀረው ጋዝ ተመልሶ ይገባል፤ ደጋግሞ። በመጨረሻ 97 በመቶ ያህሉ ጥሬ ዕቃ አሞኒያ ይሆናል። ኬን ማሸነፍ አልተቻለም፤ ግን ምርቱን እያወጡ ሚዛኑን ደጋግመው ያፈርሱታል።

ዋጋው ግን ቀላል አይደለም። ያንን ሁሉ ጋዝ ሌት ተቀን የሚያዞር፣ የሚጨምቅ፣ የሚያሞቅና የሚያቀዘቅዝ መሣሪያ ያስፈልጋል። ከአየር ጋር የገባው አርጎን ደግሞ በየዙሩ ይጠራቀማል። አጠቃላይ ግፊቱ ስለማይለወጥ አርጎኑ በበዛ ቁጥር ለናይትሮጅንና ለሃይድሮጅን የሚተርፈው ድርሻ ይቀንሳል። ስለዚህ ጥቂት ጋዝ በየጊዜው መውጣት አለበት።

ሃይድሮጅኑ ከየት ይመጣል?

የካሉብ ጋዝ የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው። የተፈጥሮ ጋዝ በአብዛኛው ሚቴን ነው። ሚቴን ከውኃ እንፋሎት ጋር ኒኬል ካታሊስት ላይ ሲያልፍ ካርቦን ሞኖክሳይድና ሃይድሮጅን ይወጣል፦

1 ሚቴን + 1 ውኃ ⇌ 1 ካርቦን ሞኖክሳይድ + 3 ሃይድሮጅን

ይህ የአሞኒያው ተቃራኒ ነው። 206 ኪሎጁል ሙቀት ይወስዳል፤ ሁለት ሞለኪውል ገብቶ አራት ይወጣል። ስለዚህ ከፍተኛ ሙቀትና ዝቅተኛ ግፊት ይመቸዋል። ሙቀቱ ከ800 ዲግሪ በላይ ይደርሳል፤ ለዚህም ከጋዙ ከፊሉ ማገዶ ሆኖ ይነዳል። ግፊቱ ላይ ግን ፋብሪካው የመማሪያ መጽሐፉን መልስ አይከተልም። በ30 አትሞስፌር አካባቢ ነው የሚሠራው። ምክንያቱ ገንዘብ ነው። ጋዙ በኋላ ለአሞኒያው መጨመቁ አይቀርም። ከወጣው ብዙ ሃይድሮጅን ይልቅ የሚገባውን ጥቂት ጋዝ አስቀድሞ መጨመቅ ይረክሳል። ከሚዛኑ የሚጠፋው ደግሞ ሙቀትና እንፋሎት በመጨመር ይካካሳል።

ቀጥሎ ካርቦን ሞኖክሳይዱ እንደገና ከእንፋሎት ጋር ይገናኝና ካርቦን ዳይኦክሳይድና ተጨማሪ ሃይድሮጅን ይሰጣል። እዚህ ሁለት ገብቶ ሁለት ስለሚወጣ ግፊት ሚዛኑን አይነካውም። 41 ኪሎጁል ያህል ሙቀት ስለሚያወጣ ግን ቅዝቃዜ ይመቸዋል። ፋብሪካዎች ሥራውን ለሁለት ከፍለውታል። መጀመሪያ ከ350 ዲግሪ በላይ፣ ለፍጥነት ሲሉ። ከዚያ በ200 ዲግሪ አካባቢ፣ በሌላ ካታሊስት፣ የቀረውን ለማሟጠጥ።

ከአሞኒያ ወደ ዩሪያ

አሞኒያና የወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ በ140 አትሞስፌርና በ180 ዲግሪ አካባቢ ይገናኛሉ። መጀመሪያ አሞኒየም ካርባሜት የሚባል ነገር ይሠራል፤ ፈጣን ነው፣ ሙቀት ያወጣል። ከዚያ ካርባሜቱ ውኃ ጥሎ ዩሪያ ይሆናል፤ ይህኛው ዝግ ያለ ነው፣ ሙቀት ይወስዳል። ሁለቱም ይመለሳሉ። ያልተለወጠው ካርባሜት እንደገና ወደ አሞኒያና ካርቦን ዳይኦክሳይድ እንዲፈርስ ይደረግና ዙሩን ይቀላቀላል። መመለሱ እዚህ ጥቅም ሆኗል፤ ካርባሜቱ ባይፈርስ ኖሮ መልሶ መጠቀም ባልተቻለ ነበር።

60 ቶን ዩሪያ ለማውጣት 34 ቶን አሞኒያ ይገባል። በዚህ ስሌት 3 ሚሊዮን ቶን ዩሪያ 1.7 ሚሊዮን ቶን አሞኒያ ይፈልጋል።

ታዲያ ይረክሳል ወይ?

አንደኛው ወገን ይረክሳል የሚልበት ምክንያት አለው። ኢትዮጵያ ማዳበሪያዋን ከውጭ ነው የምታስገባው። የውጭ ምንዛሪ፣ የመርከብና የወደብ ወጪ ይጨመርበታል። እ.ኤ.አ. ከ2021 እስከ 2022 የጋዝ ዋጋ አውሮፓ ውስጥ ሲተኮስ ብዙ የአሞኒያ ፋብሪካዎች ምርት ቀንሰው ወይም ቆመው ነበር። የማዳበሪያ ዋጋም በዓለም ዙሪያ አሻቀበ። በራሱ ጋዝ የሚሠራ አገር እንዲህ ካለው ድንጋጤ በተወሰነ ደረጃ ይጠበቃል።

ሌላው ወገን ጋዙም ዋጋ አለው ይላል፤ ትክክል ነው። በዘመናዊ ፋብሪካ እንኳ አንድ ቶን አሞኒያ 28 ጊጋጁል ያህል ኃይል ይበላል። አብዛኛው ጥሩ ማሽን በመግዛት የሚቀር አይደለም፤ ሃይድሮጅኑ ራሱ ከዚያ ጋዝ ውስጥ ነው የሚወጣው። ጋዝ በሚጠቀም ፋብሪካ ከፍተኛው የማምረቻ ወጪ የጋዙ ዋጋ ነው። ስለዚህ ፋብሪካው ጋዙን የሚገዛበት ዋጋ በመጨረሻ የጆንያውን ዋጋ ይወስናል። ከጎዴ እስከ ጎጃም ወይም አርሲ ያለው የጭነት ወጪም አለ።

የእኔ ግምት ይህ ነው። ትልቁ ጥቅም የሚጠበቀው ምንዛሪን በማዳንና ማዳበሪያው ለዘር ወቅት በሰዓቱ በመድረሱ ላይ ነው። የዋጋው መቀነስ ግን ከኬሚስትሪው በራሱ አይመጣም፤ ከጋዝ ሽያጭ ውሉና ከመንገዱ ነው የሚመጣው። በኢሉ አባ ቦር ያዩ በድንጋይ ከሰል ላይ ተመሥርቶ የተጀመረው የማዳበሪያ ፋብሪካ ሳይጠናቀቅ መቅረቱም አይረሳም። ኬሚስትሪው ከመቶ ዓመት በላይ የሚታወቅ መሆኑ ግንባታውን አያስጨርስም።

የህዳሴው ኤሌክትሪክ ቢሆንስ?

ጋዝ ማቃጠል የአየር ንብረቱን ይጎዳል፤ ውኃ በኤሌክትሪክ ከፍለን ሃይድሮጅን ለምን አናወጣም የሚሉም አሉ። ሐሳቡ ቀላል ተደርጎ የሚጣል አይደለም። አስዋን ላይ ያለው የኪማ ፋብሪካ ከ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በዓባይ ኤሌክትሪክ እንዲሁ ሲሠራ ኖሯል። በኋላ ግን ወደ ተፈጥሮ ጋዝ ዞሯል።

ሒሳቡን እንሥራው። በዚህ መንገድ አንድ ቶን አሞኒያ ከ9 እስከ 10 ሜጋዋት ሰዓት ኤሌክትሪክ ይፈልጋል። ለ1.7 ሚሊዮን ቶን ከ15 እስከ 17 ሺህ ጊጋዋት ሰዓት ማለት ነው። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ታላቁ የህዳሴ ግድብ በዓመት ያመነጫል ተብሎ የሚጠበቀው 15,700 ጊጋዋት ሰዓት ያህል ነው። የጎዴን ያህል ፋብሪካ በኤሌክትሪክ ማንቀሳቀስ የግድቡን ሙሉ ዓመት ምርት ይወስዳል።

ሌላም ችግር አለ። ዩሪያ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይፈልጋል። በጋዙ መንገድ እሱ አብሮ ይወጣል፤ በውኃው መንገድ የለም። ስለዚህ ወይ ካርቦን ዳይኦክሳይዱን ከሌላ ቦታ፣ ለምሳሌ ከሲሚንቶ ፋብሪካ ማምጣት ነው፤ ወይ ኪማ እንዳደረገው ወደ አሞኒየም ናይትሬት መዞር ነው። አነስ ባለ ፋብሪካ መሞከሩ ግን ትርጉም አለው ብዬ አምናለሁ፤ በተለይ ሌሊት የማይፈለግ ኤሌክትሪክ በሚኖርበት ጊዜ።

ማሳው ላይ ያለው ሚዛን

ዩሪያ ማሳ ላይ ሲደርስ አፈር ውስጥ ያለ ኢንዛይም ወደ አሞኒያና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይፈታዋል። ከዚያ ሌላ ሚዛን ይጀምራል፦

አሞኒየም ⇌ አሞኒያ + የሃይድሮጅን አዮን

አሞኒየም አፈር ላይ ተይዞ ይቆያል። አሞኒያ ግን ጋዝ ነው፤ ወደ አየር ይበራል። የትኛው እንደሚበዛ የሚወስነው የአፈሩ ፒኤች ነው፤ ፒኤች የአሲድነት መለኪያ ሲሆን ዝቅ ሲል አሲዱ ይበዛል። ፒኤች 9.25 አካባቢ ሲሆን ሁለቱ እኩል ይሆናሉ። ከዚያ በታች አሞኒየም ያይላል። ችግሩ ዩሪያው በሚፈታበት ሰዓት በፍሬዎቹ ዙሪያ ያለው ፒኤች ለጊዜው ከፍ ማለቱ ነው። ማዳበሪያው ላዩ ላይ ተበትኖ ፀሐይ ከመታው አሞኒያው ያመልጣል። ማሳው ክፍት ምድጃ ሆነ ማለት ነው። አፈር ውስጥ ሲቀበር ወይም ዝናብ ወዲያው ወደ ውስጥ ሲያሰርገው ግን አሞኒያው ሳያመልጥ ወደ አሞኒየም ይመለሳል።

ቆየት ብሎ ደግሞ ባክቴሪያዎች አሞኒየሙን ወደ ናይትሬት ይለውጡታል። በዚህ ጊዜ የሃይድሮጅን አዮን ይለቀቃል፤ አፈሩም ከዓመት ዓመት ወደ አሲድነት ያዘነብላል። በኢትዮጵያ ከሚታረሰው መሬት ከ40 በመቶ በላይ የሚሆነው አሁንም በአሲዳማነት የተጠቃ ነው። አሲዱ ሲበዛ አሉሚኒየም ከአፈሩ ይሟሟና የሰብሉን ሥር ይጎዳል፤ ፎስፎረስም በአፈሩ ይያዛል። የተጨመረው ዩሪያ የሚጠበቅበትን ያህል ፍሬ አይሰጥም። እንዲህ ባለ መሬት ላይ አርሶ አደሩ ከዩሪያው በፊት የሚያስፈልገው የተፈጨ የኖራ ድንጋይ ነው።